የካልኩለሱን ፈተና በሽምደዳ ወይስ በማወቅ?

የካልኩለስ የመጨረሻ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደሚታወቀው ይህ ፈተና ከሚድ ኤግዛም ወዲህ የተማርነውን ብቻ ሳይሆን ከሊሚት ጀምሮ እስከ ኢንተግራል ያለውን በሙሉ የሚያጠቃልል ነው። በዚህ ሰሞን በየዶርሙ የሚወራውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ወሬው «ምኑ ገባህ? ምኑስ አልገባህም?» የሚል አይደለም። «የአምናው ፈተና ማን ጋ ነው?» የሚል ነው። ስለሆነም እኛ የሒሳብ ሠልጣኞች የሚሰማንን ሳንሸፋፍን ለመግለጽ ብዕራችንን አንስተናል።

በቅድሚያ ግለ ሂስ እናድርግ። በሚድ ኤግዛሙ ጊዜ እኛም ከዚሁ አልወጣንም። የቆዩ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ አስነስተን፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥተን መልሱን ሸመደድን። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች በእርግጥ መጡ። ቁጥራቸው ግን ተለውጦ ነበር። እኛም የድሮውን መልስ ጽፈን ወጣን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ።

ኋላ ቁጭ ብለን ስህተታችንን ስንመረምር የባሰ ነገር አገኘን። ከስህተታችን ብዙው የካልኩለስ እንኳ አልነበረም። ክፍልፋይ መደመርና ቅንፍ መፍታት ነበር የጣለን። የሀ እና የለ ድምር ስኩዌር ሲደረግ «ሀ ስኩዌር ሲደመር ለ ስኩዌር» ብለን በመካከል ያለውን 2ሀለ የረሳን ጥቂቶች አልነበርንም። ይህ በታችኛው ክፍል ያለፍንበት ትምህርት ነው። ያን ጊዜ ሳይገባን ያለፈው ዛሬ መጥቶ ያዘን ማለት ነው።

ሌላም እንጨምር። ሁለት ፈንክሽኖች ሲባዙ ዴሪቬቲቫቸው የሁለቱ ዴሪቬቲቮች ብዜት ነው ብለን የሠራን ነበርን። በቀላል ምሳሌ ብንፈትሸው ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኤክስ በኤክስ ሲባዛ ኤክስ ስኩዌር ነው፤ ዴሪቬቲቩም 2ኤክስ ነው። በእኛ አሠራር ግን 1 በ1 ተባዝቶ 1 ይወጣል። ሐሰት መሆኑ ወዲያው ይታያል። የሸመደደ ሰው ቀመሩ ሲጠፋበት መመለሻ የለውም። የገባው ሰው ግን ፈትሾ ይደርስበታል።

የሚገርመው፣ ይህን ጉዳይ በትምህርት ሥነ ልቡና ክፍል ተምረነዋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና ማስታወስን በራሱ ላይ ሞከረ። ያጠናነውን በቶሎ እንደምንረሳ፣ ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መደጋገም ግን በአንድ ጊዜ ከመከመር እንደሚሻል አሳየ። እኛ ይህን ለፈተና ጽፈን አለፍንበት እንጂ አልሠራንበትም።

እርግጥ «ዋናው ግሬድ ነው፤ ብንወድቅ ቤተሰብ ምን ይላል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሥጋታቸው የእኛም ሥጋት ነው። የቆየ ፈተናም ጥቅም የለውም አንልም። የጥያቄውን ዓይነትና የሰዓቱን አያያዝ ያሳያል። ግን ቦታው በጥናቱ መጨረሻ ነው እንጂ በጥናቱ ምትክ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛው ሳምንት ለሊሚትና ለዴሪቬቲቭ፣ ሁለተኛው ለኢንተግራል ይሁን። ሦስተኛው ሳምንት የሁሉንም ምዕራፍ ጥያቄ ቀላቅሎ በሰዓት ለመሥራት ይዋል። በየምዕራፉ መጨረሻ ያለው መልመጃ የትኛውን ዘዴ እንደምንጠቀም አስቀድሞ ይነግረናል። ፈተናው ግን አይነግረንም። ዘዴውን መምረጥ ራሱ መለማመድ የሚፈልግ ነገር ነው። አራት አራት ሆነን፣ አንዱ ደብተሩን ዘግቶ በሰሌዳ ላይ ያስረዳ፤ ሌሎቹ «ለምን?» እያሉ ያፋጡት። ማስረዳት ያቃተው ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። ያልገባው አልገባኝም ለማለት አይፈር። የገባውም ደብተሩን አይደብቅ።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት የምንጠይቀው አለ። የፈተና ወረቀታችን ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ሲመለስ የት እንደሳትን አናውቅም። የተሳሳትንበት መስመር ላይ አንድ ምልክት ቢደረግልን፣ በሳምንትም አንድ ሰዓት ለጥያቄ ቢመደብልን ብዙ ይጠቅመናል።

ወገኖቻችን፣ እኛ እኮ ነገ መምህራን ነን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲለን «ቀመሩ ነው፣ ያዘው» ብለን ልናልፈው ነውን? ያ ልጅ ሳይገባው ያለፈው ነገር እንደ እኛ ከዓመታት በኋላ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

ከነገ ማታ ጀምሮ ከራት በኋላ ክፍት በሚሆኑት ክፍሎች ጠመኔ ይዘን እንጠብቃለን። ኑ፣ ከሊሚት እንጀምር።

ከሒሳብ ክፍል ሠልጣኞች