አምሽቶ የዘጋ አርፍዶ ይክፈት፦ የአያት ሠራተኛ የእንቅልፍ ሒሳብ

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. አንድ ደንብ አወጣች። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ፣ የሕዝብ ትራንስፖርትም እስከ ምሽቱ 4፡00 እንዲሠራ ግዴታ ጣለች። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ታክሲ አጥቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል።

ክርክሩ ግን በአብዛኛው ስለ ገበያና ስለ ቅጣት ሆነ። አንድ ጥያቄ ተዘለለ፤ ምሽቱ ላይ የጨመርነውን ሰዓት ከየት ነው ያመጣነው? ቀኑ እንደሆነ ያው 24 ሰዓት ነው። መልሱን ለማግኘት እስከ አያት መሄድ ያስፈልጋል።

🔹 ሒሳቡን እንሥራው

አያት የምትኖር፣ ቦሌ አካባቢ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት እናስብ። ሱቁ 3፡30 ይዘጋል። ሒሳብ ዘግታ፣ ዕቃ ሰብስባ ስትወጣ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ይቺ ሰዓት የትራንስፖርቱ ግዴታ የሚያበቃባት ሰዓት ናት። መገናኛ ተሰልፋ፣ ሲኤምሲን አልፋ ቤቷ ስትደርስ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ራት፣ የነገ ልብስ፣ የልጅ ደብተር... ጎኗ አልጋ የሚነካው 6 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 2፡30 ሥራ ለመግባት፣ ልጅ ለማሰናዳትና ሰልፉን ለመቅደም ደግሞ 11 ሰዓት ትነሳለች።

አምስት ሰዓት እንቅልፍ። በቃ።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት በፈረንጆቹ 2015 ባወጡት ምክር አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ስለዚህ በየሌሊቱ 2 ሰዓት ይጎድላታል። በስድስት የሥራ ቀን 12 ሰዓት ዕዳ ማለት ነው። ይህን ደግሞ አንድ እሑድ አይከፍለውም።

🔹 «ለምጄዋለሁ» የሚባለው ነገር

ብዙ ሰው «ሰውነቴ ለምዶታል» ይላል። ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለ14 ቀን በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ አስተኝቶ ተከታተላቸው። በመጨረሻ ትኩረታቸውና የማስታወስ ችሎታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ እንዳደረ ሰው ወርዶ ተገኘ። የሚገርመው ሰዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል መዳከማቸውን አላወቁም። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ራሱን መመዘን ያቅተዋል ማለት ነው።

ጉዳቱ ጭንቅላት ላይ ብቻ አይቆምም። በ1999 በተደረገ ሌላ ጥናት 11 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ሲተኙ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበት መንገድ ወደ ስኳር ሕመም መጀመሪያ የተጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በ2015 ደግሞ 164 ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫቸው ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ።

አሁን ሹፌሩን እንይ። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ የሚኒባስ ሹፌር ምሽት 4 ሰዓት ላይ አሁንም መሪ ይዞ ከሆነ 17 ሰዓት ነቅቷል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ለ17 ሰዓት የነቃ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይተዋል። በብዙ አገር ይህን ያህል የጠጣ ሰው መንዳት ይከለከላል። እኛ ግን ሹፌሩ ጠጥቶ ቢሆን እንጮሃለን፣ እንቅልፍ ካጣ ግን «ጎበዝ ሠራተኛ» እንለዋለን። ጫቱና ቡናውም ቢሆን እንቅልፉን ያርቁታል እንጂ አይተኩትም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሽ ያህል ካፌይኑ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ሰውነት ውስጥ ነው።

🔹 ሕጉስ ምን ይላል?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣረሰው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ላለው አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ጠዋት 2፡30 ተከፍቶ ምሽት 3፡30 የሚዘጋ ሱቅ 13 ሰዓት ሠራ። የምሳውን አንድ ሰዓት ቀንሱ፣ 12 ይቀራል። በስድስት ቀን 72 ሰዓት። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ የሚፈቅደው 60 ነው። ስለዚህ በአንድ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራ ሱቅ ደንቡን ሲያከብር አዋጁን በ12 ሰዓት ይጥሳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት መሠረት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይጨምራል።

«ሁለት ሰው ይቅጠሩ» ማለት ቀላል ነው። ግን ኪራይና ግብር ያጎበጠው ባለ አንድ ክፍል ሱቅ የሁለት ሰው ደመወዝ ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ሠራተኛዋ ላይ የሚያርፈው።

🔹 ለምን በተለይ አያት?

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሕዝቡን ወደ ከተማዋ ዳር ወሰደው፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። ሥራው ግን መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌና ፒያሳ ቀረ። ጥቅምት 2008 ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው የ17 ኪሎ ሜትር ባቡር ሲጀምር ሰው እፎይ ብሎ ነበር። በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ፣ ሰልፉም ተመለሰ። ስለዚህ ያው የምሽት ደንብ ሥራው አጠገብ ለሚኖር ሰው አንድ ሰዓት ሲወስድበት፣ ከአያት ለሚመላለስ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስድበታል።

🔹 ምን ይደረግ?

የምሽቱን ገበያ መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ግን አሉ፦

1. አምሽቶ የዘጋ አርፍዶ ይክፈት። ባለ አንድ ሠራተኛ ሱቅ ጠዋት 4፡30 ቢከፍት ደንቡም ይከበራል፣ ሁለት ሰዓት እንቅልፍም ይመለሳል። ወጪ የለውም።

2. ቁጥጥሩ ሁለት ዐይን ይኑረው። 3፡30 ላይ በሩ መከፈቱን የሚያይ አካል፣ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ከስንት ሰዓት ጀምራ እንደቆመችም ይጠይቅ።

3. ሱቅ ከተዘጋ በኋላ 30 ደቂቃ ለሩቅ ሰፈር አይበቃም። ቢያንስ በአያትና በአራብሳ መስመር አውቶቡሱ ዘግየት ብሎ ይቁም፤ ያመሸ ሹፌርም በተቀያሪ ይተካ።

እስከዚያው እያንዳንዱ ሰው የሚችለውን ቢያደርግ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ቡና አለመጠጣት፣ ከተቻለ በምሳ ሰዓት 20 ደቂቃ ማሸለብ፣ አልጋ ላይ ስልክ አለመጎርጎር። በኃይል የሚያንኮራፋና በቂ ተኝቶም ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ሐኪም ይይ፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ግን እንዳንሸዋወድ። 6 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ለሚነሳ ሰው «ስልክህን አስቀምጥ» የሚለው ምክር ሩቅ አያደርስም። አምስት ሰዓት ያስተኛው ስልኩ አይደለማ፤ የሥራ ሰዓቱና መንገዱ ነው። ከተማዋ ለገበያው ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልገው አስልታለች። ገበያውን ቆሞ የሚያስኬደው ሰው ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለበትም በዚያው ሒሳብ ውስጥ መግባት ነበረበት።