ዱቄቱን ከመቱ እንጀምር

በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚንሸራተተው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፉ ውስጥ፣ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚርገበገብ ሴራሚክ አለ። የዳሪሙ ወረዳ እናት የምትመረመርበትም ከዚህ የተለየ አይደለም። የዚህን ዓይነት ሴራሚክ ዱቄት ለመሥራት መሞከር ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ቅንጦት አይደለም ባይ ነኝ። ከዚህ ዓይነቱ ሴራሚክ አንዱ የሆነውን ባሪየም ቲታኔት በተለመደው መንገድ ለመሥራት 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚግል ምድጃ ያሻል፤ በሃይድሮተርማል ዘዴ ግን ባሪየም ሃይድሮክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ቴፍሎን በለበሰ የብረት ዕቃ ታሽገው 200 ዲግሪ ላይ ያድራሉ። ክዳኑ ከጠበቀ ድስት ብዙም አይርቅም፤ ግፊቱ ግን ከከባቢ አየር 15 እጥፍ ስለሚደርስ ቀልድ አያውቅም።

«ዱቄቱ ተጠፍጥፎ መልሶ ከ1200 ዲግሪ በላይ ይተኮስ የለ?» የሚል ካለ እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ለመተኮሱ የሌላ ከተማ ምድጃ መዋስ ይቻላል፤ የቅንጣቱን መጠንና ጥራት የሚወስነው ያ የታሸገ ዕቃ ነው። ባሪየም ቲታኔት በአልትራሳውንድ ከለመድነው ሴራሚክ አቅሙ ማነሱም አይካድም፤ የለመድነው ግን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው።