በመጀመሪያ ዲግሪ የሰብል ትምህርት፦ ቀድሞ ይለይ ወይስ በሰፊው ይጀመር?

የመስክ ሰብል ሳይንስ እንደ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ኑግ ያሉ በሰፊ ማሳ የሚዘሩ ሰብሎችን ዘር፣ አዘራርና አያያዝ የሚያጠና የግብርና ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ በዲግሪ ደረጃ ቀድሞ ከተሰጠባቸው ቦታዎች አንዱ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ገና በመጀመሪያ ዲግሪ በመስክ ሰብል ይለይ ወይስ አጠቃላዩን የእጽዋት ሳይንስ ይማር የሚለው ግን ያከራክራል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ቀድሞ ይለይ

የሰብል ሙያ በአብዛኛው የእጅ ሙያ ነው፤ እጅ ደግሞ የሚፈታው በልምምድ ነው። ለዚህ ጤፍ ምስክር ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ሲሆን፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አዳቃዩ በማጉያ መነጽር እያየ ወንዴውን ክፍል ነቅሎ ማውጣት አለበት፤ እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አበባው ይበላሻል። ጤፍን በእጅ ማዳቀል የተቻለው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት ከለዩ በኋላ ነው። ምርታማነትን ከነጭ ፍሬ ጋር ያጣመረው «ቁንጮ» በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው በዚህ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ሙያ በአንድ ሴሚስተር አይገኝም። ይባስ ብሎ በተለመደው የትምህርት ዘመን ተማሪው ለዕረፍት የሚወጣው በክረምት፣ ማሳው በሚዘራበትና በሚታረምበት ወቅት ነው። ስለዚህ ተማሪው ቀድሞ በአንድ ሰብል ተመድቦ ክረምቱን በምርምር ማሳ ላይ ማሳለፍ አለበት። ሁሉንም ቀምሶ አንዱንም ሳያውቅ የሚመረቅ ባለሙያ ለገበሬው አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ በሰፊው ይጀመር

ክረምቱ በማሳ ላይ ይዋል መባሉ አያከራክርም፤ ስህተቱ መለየቱን ማስቀደሙ ላይ ነው። የገበሬው ችግር በትምህርት ክፍል ተከፋፍሎ አይመጣም። በ2013 እ.ኤ.አ. በባሌ «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ የተባለው በሽታ መታው። ዝርያው ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ተወዶ በሰፊው ተዘርቶ ነበር፤ ለግንድ ዋግ የነበረው መከላከያ ግን በአንድ ዘረ መል ላይ ያረፈ ነበርና፣ ያን የሚያልፍ አዲስ የዋግ ዝርያ ሲመጣ መቋቋም አልቻለም። ዘር ማሻሻልን ብቻ ያጠና ሰው፣ አንድን ዝርያ በሰፊ አገር መዝራት ለበሽታ በር እንደሚከፍት በወቅቱ አይታየውም።

አቀንጭራም እንዲሁ ነው። በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው ይህ አረም የሚበረታው ለምነቱ በተሟጠጠ አፈር ላይ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ያስገኟቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ለገበሬ የቀረቡት ከማዳበሪያና ከእርጥበት ማቆያ ዘዴ ጋር ተጣምረው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት እኚህ ሳይንቲስት በ1973 እ.ኤ.አ. ከአለማያ የተመረቁት በእጽዋት ሳይንስ ነበር፤ በማዳቀልና በዘረ መል ጥናት ልዩ ሙያ የያዙት ከዚያ በኋላ፣ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው አፈሩን፣ በሽታውንና ዘሩን አንድ ላይ ያስተምር፤ በአንድ ሰብል መለየት ለሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ።