የሚጭን ብዙ፣ የሚጠብቅ ጥቂት



እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ቆሟል። በየዶርሙ ያሉት ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ሁለተኛ እጅ የተገዙ አሮጌዎች ስለሆኑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ፕሮሰሰርና የደኅንነት ቺፕ አያሟሉም። ስለዚህ «ሊኑክስ ጫኑልኝ» የሚል ተማሪ በዝቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን በየዓመቱ የምናየው አንድ ነገር አለ፤ በመስከረም ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ጥር ላይ ፎርማት ተመትቶ፣ ወደ ክራክ ዊንዶውስ ተመልሶ እናገኘዋለን።

ሰበቡ ሲጠየቅ «ሊኑክስ ከባድ ነው» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። መጫኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የሚጭንም አይጠፋም። የሚጎድለው ከተጫነ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ጀመዓችን ከመጫኛ ቀን ይልቅ የመጠበቂያ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ወደ ክራክ መመለስ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የሐቅ ጉዳይ አለበት። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መብት መሆኑን ወስኗል። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ ቢያንስ ግን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ሁለተኛ፣ ክራክ ሲጫን የሚሰጠው የመጀመሪያው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። በሩን ከፍቶ ለማያውቀው እንግዳ ቁልፉን እንደ መስጠት ነው። ፕሪንት ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ላይ ያሉ ፋይሎች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ሲገኙ፣ ግማሽ ዓመት የተለፋበት የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደዋዛ ሲጠፋ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም።

ለዚህ ያለን አማራጭ ምንድን ነው? ከብዙዎቹ አንዱን እንውሰድ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ በተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጀመረ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ከአንድ ሺህ የማያንሱ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ኡቡንቱም፣ በኡቡንቱ በኩል ሊኑክስ ሚንትም ከእሱ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው እትሙ ከ69,000 በላይ ፓኬጆችን ይዟል። ሊብረኦፊስ፣ ኦክታቭ፣ ኪካድ፣ ፍሪካድ፣ ኪውጂአይኤስ ሁሉም እዚያው አሉ። ለዐረብኛ ጽሑፍ አሚሪ ፎንት፣ ለአማርኛ ደግሞ አቢሲኒካ ፎንትና የግእዝ ፊደል መተየቢያ እዚያው ይገኛሉ። ገንዘብም፣ ክራክም አይጠይቁም።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን ስናይ ወቅፍ ትዝ ቢለን አይገርምም። ንብረቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ጥቅሙ ለሁሉ ይፈስሳል። በፊቅህ ሚዛን ወቅፍ ነው ማለታችን አይደለም፤ መመሳሰሉን ነው የምንናገረው። የወቅፍን ነገር የሚያውቅ ግን ሌላም ያውቃል፤ ናዚር የሌለው ወቅፍ ይፈርሳል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ኪታቡ ምስጥ ይበላዋል፣ ጉድጓዱ ይደፈናል። ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ከዊንዶውስ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያ ልማዱ ፕሮግራም ሲያስፈልገው ስሙን ጎግል ላይ መፈለግና ያገኘውን ማውረድ ነው። በዴቢያን ላይ ይህ ልማድ መቀየር አለበት። ፕሮግራም የሚመጣው ሪፖዚተሪ ከሚባለው ከሲስተሙ የራሱ ግምጃ ቤት ነው። ተርሚናል ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ የፕሮግራሙን ስም መጻፍ ብቻ ነው። አፕት ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ራሱ ፈልጎ አብሮ ያመጣል። ተርሚናል ለሚፈራ ደግሞ ያው ሥራ በመስኮት በሚከፈት የሶፍትዌር ማዕከል ይሠራል።

ሪፖዚተሪው ለምን ይታመናል? እዚህ ላይ የሐዲስ ተማሪ ቶሎ የሚገባው ነገር አለ፤ ሰነድ አለው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱ የሒሳብ አሻራ አለው። አሻራዎቹ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተጽፈዋል። የዝርዝሩ አሻራ ደግሞ በዴቢያን ቁልፍ በተፈረመ ሌላ ፋይል ውስጥ ሰፍሯል፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍም ሲስተሙ ሲጫን አብሮ ገብቷል። አፕት ፓኬጅ ባወረደ ቁጥር ይህን ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ያረጋግጣል። አንዲት ፊደል ብትቀየር አልጭንም ይላል። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፋይል ግን ሰነዱ «አንድ ሰው ነገረኝ» ነው።

ስለዚህ ተርሚናል ላይ «ፊርማው አልተረጋገጠም» የሚል መልእክት ሲመጣ ማለፊያ መንገድ አትፈልጉ፤ ቆም በሉ። ከማታውቁት ገጽ የተገኘ ባለ አንድ መስመር ትእዛዝ በሱዶ ከማስኬዳችሁ በፊትም አንብቡት። ሱዶ ማለት ለዚያ ትእዛዝ የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ማስረከብ ነው።

ከመጫን የሚበልጠው ማቆየት ነው ብለናል። ማቆየቱ ምን ያህል ሥራ ነው? በሳምንት አንዴ፣ ከጁሙዓ በፊትም ይሁን በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ነው። «አፕት አፕዴት» እና «አፕት አፕግሬድ» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች አንድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ያመጣል፤ የሚያድሰው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አድሻለሁ» የሚል ተማሪ ምግብ ቤት ሜኑ አንብቦ እንደ ወጣ ሰው ነው። በወር አንዴ ደግሞ «አፕት ኦቶሪሙቭ» እና «አፕት ክሊን» ቢጨመሩ የማያስፈልጉ ፓኬጆችና ተከማችተው የቀሩ የወረዱ ፋይሎች ይጸዳሉ። ዲስክ ሞልቶ «ላፕቶፔ ሞተ» ከተባሉት ውስጥ በዚህ ብቻ የዳኑ አሉ።

በየግቢው ደጋግመው የሚያስቸግሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

የመጀመሪያው ፓይተን ነው። «ፒፕ» ብለው ላይብረሪ ሊጭኑ ሲሉ ዴቢያን ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ ይከለክላል፤ ምክንያቱም የሲስተሙ የራሱ ሥራዎች በዚያው ፓይተን ላይ ያርፋሉ። ብዙዎች ክልከላውን የሚያልፍ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚል ቃል ገልብጠው ይጨምራሉ። ስሙ ራሱ «ሲስተሙን ስበር» እያለ ነው! መፍትሔው ለየፕሮጀክቱ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት መክፈት ነው፤ የተበላሸው ሲሰረዝ ሲስተሙ አይነካም።

ሁለተኛው ከዊንዶውስ ጋር ጎን ለጎን ሲጫን ነው። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶበት ሲዘጋ ዲስኩን በትክክል አይለቅም፤ ያኔ ሊኑክስ ያንን ክፍል ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። «ሊኑክስ ፋይሌን ቆለፈብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ይፈታዋል። ቢትሎከር የበራበት ላፕቶፕ ከሆነም ከመጫን በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ጽፎ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሦስተኛው ባክአፕ ነው። ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራም ሲስተሙ ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልሳል። ነገር ግን ካላዘዙት በቀር የግል ፋይሎቻችሁን አያስቀምጥም። የመመረቂያ ጽሑፍ በሁለተኛ ቦታ፣ በውጪ ዲስክ ላይ መኖር አለበት። ይህ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም እኩል ይሠራል።

ተቃውሞዎችን እናውቃለን፤ እውነት ያለባቸውንም አንክድም። የሲቪል ተማሪዎች አውቶካድና ኢታብስ በሊኑክስ ላይ አይሠሩልንም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ኦክታቭም የማትላብን አብዛኛውን መሠረታዊ ኮድ ያስኬዳል እንጂ ሲሙሊንክ የለውም። ለእነዚህ ዲፓርትመንቱ ፈቃድ ባለው ላብ መሥራት፣ ወይም ኩባንያዎቹ ለተማሪ የሚሰጡትን ፈቃድ ጠይቆ ዊንዶውሱን በአንድ ጎን ማቆየት ይሻላል። ሊኑክስ ሁሉን ይተካል ብሎ የሚምል ሰው ተማሪውን ያስቀይመዋል፤ የመጀመሪያው ፋይል እምቢ ያለው ቀን ሁሉንም ይተወዋል።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ «በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ይታመናል ወይ?» አይታመንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የሆነውን እናስታውስ። ኤክስዜድ የተባለችውን ፋይል መጨመቂያ ለዓመታት የሚጠብቃት በአብዛኛው አንድ የደከመ ሰው ነበር። «ጂያ ታን» በሚል ስም የመጣ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ፤ በመጨረሻም የኋላ በር ቀበረባት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሬውንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ስለዘገየበት ምክንያቱን ሲከታተል ነው። የተበከለው እትም በዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ገብቶ ነበር፤ ወደ ተረጋጋው እትም ግን አልደረሰም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሰነድ ሳይቆረጥ መቀጠሉ ብቻውን አይበቃም፤ የራዊዎቹም ማንነት ይጠናል። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ባይሆን ያ መሐንዲስ ፈልፍሎ ባላገኘው ነበር። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሌባው የገባው ጠባቂው ብቻውን ስለተተወና ስለደከመ ነው።

የራሳችን የሚባል ምሳሌም አለ። ለሙስሊም ተጠቃሚዎች ተብሎ በኡቡንቱ ላይ የተሠራ፣ መጀመሪያ ኡቡንቱ ሙስሊም ኢዲሽን፣ ኋላም ሳቢሊ የተባለ ሲስተም ነበር። የሶላት ሰዓት ማሳወቂያና የቁርኣን ማንበቢያ ፕሮግራም አብሮት ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ በኋላ ግን አልቀጠለም። በደስታ ያወረዱት ብዙ ነበሩ፤ የሚቀጥለውን እትም የሚያዘጋጁ እጆች ግን ጥቂት ነበሩ። ዳውንሎድ ማድረግ ሥራውን አያስቀጥልም።

ስለዚህ ለጀመዓችን የምናቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንድ፦ ለሁሉም አንድ ሲስተም እንምረጥ። የእኛ ምርጫ የተረጋጋው የዴቢያን እትም ነው። ከ12ኛው እትም ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌር ከመጫኛው ጋር ስለሚመጣ የድሮው ትልቅ ችግር ቀሏል፤ አንድ እትምም የረጅም ጊዜ ድጋፉን ጨምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ይጠበቃል። አሥር ዓይነት ሲስተም አሥር ቦታ ከተጫነ የሚረዳዳ አይኖርም፤ ሁሉም አንድ ሲሆን ግን አንዱ ያገኘው መፍትሔ ለሁሉም ይሠራል።

ሁለት፦ የዳታውን ወጪ እንጋራ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለው ፕሮግራም ከተጫነ፣ አንድ ተማሪ ያወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጥና በዚያው ኔትወርክ ላይ ለሚፈልገው ሁሉ ከራሱ ይሰጣል። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ጊዜ ካርድ ከሚሞላ አንዴ ይወርዳል። ፊርማውን እያንዳንዱ ላፕቶፕ ራሱ ስለሚያረጋግጥ አማናውም አይጓደልም።

ሦስት፦ ላፕቶፕ የሚጫንለት ተማሪ ሁሉ ከመሄዱ በፊት በገዛ እጁ ሦስት ነገር ያድርግ፤ አንድ ፕሮግራም ይጫን፣ ሲስተሙን ያድስ፣ የጫነውን ያጥፋ። እነዚህን ሳያደርግ አይሂድ። በመድረሳ ደረሳው ኪታቡን ሰምቶ ብቻ አያልፍም፤ ራሱ ቀርቶ ያሳያል። በዚህም ያው ይሁን።

አራት፦ የሚጠብቁ ሰዎች ይመደቡ። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ሦስት ወንድሞችና ሦስት እህቶች በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ቢቀመጡ ይበቃል። ከተመራቂዎች ብቻ መሆን የለባቸውም፤ ተመራቂ በሰኔ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል። ያጋጠማቸውን ችግርና መፍትሔውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞም በአንድ ደብተር ይጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ከእነዚህ መካከል አንድ ሁለቱ ደግሞ ወደ ዋናው ምንጭ ይሻገሩ፤ በአማርኛ ያልተተረጎመ ሜኑ መተርጎም፣ ያገኙትን ስህተት በትክክል መዝግቦ ለአዘጋጆቹ ማሳወቅ ፕሮግራመር መሆንን አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ስለ ላፕቶፕ ብቻ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የተሰጠንን ነገር የመያዝ ልማድ ጉዳይ ነው እንላለን። የማያውቁን ሰዎች በአገራቸው፣ በትርፍ ሰዓታቸው ሠርተው በነፃ ሰጥተውናል። ያንን በጥንቃቄ ይዞ፣ አድሶ፣ ለሚቀጥለው ባች ማስረከብ የእኛ ድርሻ ነው።

አስተያየትና ተቃውሞ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ደስ ይለናል። የምትጠብቁ ለመሆን ፈቃደኛ የሆናችሁም ለጀመዓው አስተባባሪዎች አሳውቁ። አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሥራችንንም ቀጣይ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ