የብድር ጣሪያውና የቆጣቢው ወለድ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ላይ ሲመሠርት ውሳኔው ብዙም አላነጋገረም፤ በዚያው ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ የሕዝቡን ትኩረት ሁሉ ወስዶት ነበርና። ባንኩ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አደረገ። የገንዘብን መጠን ከመወሰን ዋጋውን ወደ መምራት የተደረገው ይህ ሽግግር በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ላይ የተጣለው የ14 በመቶ ጣሪያ አብሮ ቀጠለ። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደረገ እንጂ አልተነሣም።

ሁለቱ መሣሪያዎች ይደጋገፋሉ የሚሉ አሉ። የባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያ ገና ጀማሪ በመሆኑ በወለድ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው ይላሉ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም።

ክርክሩ ግን ቆጣቢውን ይዘነጋል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። በዚህ ወለድ የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ብር ይሆናል፤ ዋጋ በ30 በመቶ በናረበት ዓመት ግን የመግዛት አቅሙ ወደ 82 ብር ገደማ ይወርዳል። ከፍ ያለ የፖሊሲ ወለድ ይህን ጉድለት ሊያጠብ የሚችለው ባንኮች ተቀማጭ ለመሳብ ሲፎካከሩ ነው። የሚያበድረው ልክ አስቀድሞ የተወሰነበት ባንክ ደግሞ ተጨማሪ ተቀማጭ ፍለጋ ወለድ የሚጨምርበት ምክንያት አነስተኛ ነው። በብድሩም በኩል ጣሪያው ላይ የተጠጋ ባንክ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነባር ደንበኛውና ሕንፃ ለሚያስይዝለት ነው፤ ያለ ማስያዣ መበደር ቀድሞም ቢሆን ቀላል አልነበረም።

ስለዚህ ጣሪያውን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ከማላላት ይልቅ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይበጃል። ቀኑን ያወቀ ባንክ ተቀማጭ ለማሰባሰብ ከወዲሁ ይዘጋጃል። ንረቱ ቢያገረሽ ለብሔራዊ ባንኩ የሚቀረው ወለዱን ከ15 በመቶ በላይ ማሳደግ ይሆናል። ይህም መንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ የሚበደርበትን ወጪ ያንራል፤ ጣሪያው እንዲቆይ የሚሹ ወገኖች በይፋ ሊከራከሩበት የሚገባውም ይኸው ወጪ ነው።