ፈተናውስ ይሁን፣ ወረቀቱን ማን ያየዋል?

እዚህ ኮሎምበስ፣ በኦሃዮ ስቴትሃውስ ግቢ ከቆሙት ሐውልቶች አንዱ የፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ነው፡፡ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የአዲስ አበባ ቢሮዎች ትዝ ይሉኛል፡፡ የኦሃዮውን ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1881 ተኩሶ ለሞት ያበቃው ቻርልስ ጊቶ፣ በምርጫው ደግፌሃለሁና የፓሪስ ቆንስል አድርገኝ ሲል የከረመ ሹመት ፈላጊ ነበር፡፡ በ1883 ሌላው የኦሃዮ ሰው፣ ሴናተር ጆርጅ ፔንድልተን ያቀረቡት ሕግ ጸደቀና የመንግሥት ሥራ በፓርቲ ውለታ ሳይሆን በፈተና እንዲገኝ በር ተከፈተ፡፡ ኦሃዮም በ1912 ቅጥርም ሆነ እድገት በተቻለ መጠን በውድድር ፈተና እንዲሆን በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች፡፡

ወደ እኛው ጉድ ልመለስ፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወይዘሮ አዳነች አቤቤ አስተዳደር ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞችንና ከ4 ሺህ በላይ አመራሮችን ለብቃት ምዘና አስቀመጠ፡፡ ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ ወደቀ ተባለ፤ ከአመራሩ ያለፈው ደግሞ ከዚያም አነሰ፡፡ ብዙዎቻችን ሳቅን፡፡ እኔም አልዋሽም፣ ስቄያለሁ፡፡

ግን እነዚያን አመራሮች ማን ሾማቸው? ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት ሥልጠናና እድገት ለማግኘት የኢሕአዴግ አባልነት እንዴት መታወቂያ እንደሆነ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር፡፡ በአባልነት ፎርም ወንበር የያዘ ሰው በፈተና ቢወድቅ ምን ይደንቃል? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው፤ አባል አልሆንም ብሎ ስንት ዓመት ከደረጃው ሳይነቃነቅ የኖረው ሠራተኛ፡፡ እሱ ፈተና ያስፈልገው የነበረው ያኔ፣ እድገቱን ሌላ ሲወስድበት ነው፡፡ ፈተናው የመጣለት ግን እንጀራውን ሊያሳጣው በሚችልበት ሰዓት ነው፡፡

የኦሃዮ ሕግ ለማዕረግ እድገት የተፈተነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ከፈተናው በኋላ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ጥያቄውንና የመልሱን ቁልፍ አይቶ ተቃውሞ እንዲያስገባ ይፈቅድለታል፡፡ አሜሪካ መልአክ ናት ማለቴ አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በ2025 የፌዴራል ሠራተኛውን ከለላ የሚያላላ ትእዛዝ ፈርመዋል፡፡

እንግዲህ የከተማው አስተዳደር ይመልስልን፡፡ ወደቅህ የተባለው ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶ የት ልሳሳት ብሎ መከራከር ይችላል? አቤቱታውንስ የሚሰማው ፈታኙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ አካል? የወደቁትን አመራሮች በወንበር ያስቀመጡት ሹማምንትስ መቼ ነው ለፈተና የሚቀመጡት?