«ሽቱትጋርት ነኝ» ሲለኝ ኖሮ ገጠር ሆኖ ተገኘ!

የዛሬዋ ጠያቂያችን «ስሜ እንዳይጠቀስ» ብላለች። የ26 ዓመት ወጣት ናት። እጮኛዋ ጀርመን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሽቱትጋርት ነኝ» ሲላት ከርሞ፣ ለቪዛ የላከው ወረቀት ሲደርሳት አድራሻው «ራይናው» የሚባል የገጠር ቀበሌ ሆኖ አገኘችው። «ከአዲስ አበባ ወጥቼ ላም ልጠብቅ ነው? ቀለበቱን ልመልስለት?» ትላለች።

እህቴ፣ አጋጣሚ ሆኖ ቦታውን አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት «አለን» ወደምትባል ከተማ (ስሟ ነው እንጂ «እንዴት ናችሁ» ተብዬ አይደለም!) ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ጎረቤቷን ራይናውን አሳይተውኛል። ከሽቱትጋርት ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዋሪው 3 ሺህ አለፍ ቢል ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማታ ማታ ጭር ይላል። እኔ ከሦስት ቀን በላይ አልችለውም።

ቢሆንም ዝም ብሎ ገጠር አይደለም። የጥንት ሮማውያን ግዛት የሚያልቀው እዚያ ነበር። ከራይን እስከ ዳንዩብ ወንዝ 550 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው «ሊመስ» የተባለው ድንበራቸው በቀበሌው መሬት ያልፋል። ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዳልኪንገን የምትባለው መንደር አጠገብ የድንበሩ በር ፍርስራሽ አለ፤ ዛሬ ትልቅ የመስታወት ቤት ተሠርቶለታል። እዚያው የንጉሠ ነገሥት ሐውልት የነሐስ ስብርባሪ ተገኝቷል።

እኔን የያዘኝ ግን የጉድጓዱ ነገር ነው። ቡኽ ከሚባለው ምሽግ አጠገብ ወታደሮቹን ተከትለው የመጡ ቤተሰቦችና ነጋዴዎች ሰፍረው ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ጎሳዎች ጥቃት ሲበረታ፣ የነሐስ ዕቃቸውንና የብረት መሣሪያቸውን በውኃ ጉድጓድ ደበቁ። ተመልሰን እናወጣዋለን ብለው ይሆናላ! ያወጡት ግን ከ1,700 ዓመት በኋላ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። ድስቷን ጉድጓድ ከትታ የሄደች አንዲት ሴት እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በመንደሩ አትቀየሚው። የሰበታ ልጅስ ውጭ አገር «ከየት ነህ?» ሲባል «አዲስ አበባ» አይልም እንዴ? ይህን ለፈረንጅ ቢለው አልፈርድበትም። ለእጮኛው፣ ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ? እዚህ ላይ እኔም ከፍቶኛል። ሌላስ ምን ደብቆኝ ይሆን ማለትሽ ትክክል ነው። ስለዚህ በስልክ እየሳቀ እንዳያልፍሽ በደብዳቤ ጠይቂው። ሥራው ምንድን ነው? ከማን ጋር ይኖራል? ባቡር ጣቢያው ከቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ቋንቋውን የት ትማሪያለሽ? ቀለበቱ ለጊዜው ጣትሽ ላይ ይቆይ። መልሱ በእጅሽ ሳይገባ ግን መሥሪያ ቤትሽ መልቀቂያ እንዳታስገቢ።